ጣሪያው ይቅደም

ከአያት የሚነሣው የከተማ ባቡር ጦር ኃይሎች ሲደርስ ሐዲዱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ምዕራብ አዲስ አበባ ታክሲዎች ይረከቡታል፤ ረዳቶቹ በሩን ይዘው «አየር ጤና! ቤቴል! ዓለም ባንክ!» እያሉ ይጣራሉ። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እኔ አገር ውስጥ አልነበርኩም። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ ኑሮዬ ደግሞ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ። አዲስ አበባን የማውቃት በመተላለፊያነት ብቻ ነበር፤ ከአውሮፕላን ወርጄ ወደ ወሎ የምሳፈርባት ከተማ። ክረምቱን አክስቴ ዘንድ ለማሳለፍ ስመጣ ጦር ኃይሎች የገዛ ቋንቋዬ የሚነገርበት ባዕድ አገር ሆኖ ጠበቀኝ። መንገድ እየጠየቅሁ፣ የሰላምታውን ርዝመት እየለመድኩ፣ ማን ለማን እንደሚነሣ እያየሁ ከረምኩ። ከሁሉ ይልቅ ልብ ያልኩት ግን የሰፈሩ ሰዎች ከጎረቤት ጋር እንዴት እንደሚጋጩና ግጭቱን እንዴት እንደሚይዙት ነው። ለዚህ ምክንያት የሆነኝ አንድ ግራቪሊያ ነው።

ሰፈሩ ስሙን የወሰደው ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። ዋናው መንገድ ቀኑን ሙሉ አያርፍም፤ ፋርማሲው፣ ጁስ ቤቱ፣ ፌስታል ያንጠለጠለው የሕመምተኛ ጠያቂ፣ የቀለበት መንገዱ የከባድ መኪና ጩኸት። በኮልፌ ቀራንዮ በኩል ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ግን ድምፁ ይቀንስና አጥር ለአጥር የተያያዘ አሮጌ መንደር ይመጣል። አንዱ ግቢ ፎቅ ነው፤ ጎኑ ያለው ጣሪያው የዛገ የጭቃ ቤት። ከሁለቱም በላይ የሚታየው ዛፍ ነው። አቮካዶው የዚህ ግቢ ሆኖ ፍሬው እዚያኛው ግቢ ይወድቃል። ኮኩ አጥሩን ደገፍ ብሎ ወደ መንገድ አዘንብሏል። ባሕር ዛፉ ከመብራት ሽቦው ጋር ይተሻሻል። ብዙዎቹ ዛፎች በዕድሜ አጥሮቹን ይበልጣሉ፤ ሰፊ የነበረው ግቢ ለልጆች ሲከፋፈል፣ ሰርቪስ ሲሠራበት፣ ግማሹ ሲሸጥ፣ ዛፉ በቦታው ቆሞ ወሰኑ ነው እየተጠጋው የመጣ።

አዲስ አበባ ራሷ ያለ ዛፍ አትቆምም ነበር። በምኒልክ ዘመን የማገዶና የቤት እንጨት ከዙሪያዋ ስለተመናመነ መናገሻውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እንደ ነበር ታሪክ ይነግረናል። ከተማዋን ባለችበት ያጸናት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ አጠና ይሆናል። የኮልፌው አጠና ተራ ስሙን ያገኘው ከዚሁ እንጨት ንግድ ነው። ግራቪሊያም እንደ ባሕር ዛፍ ትውልዱ አውስትራሊያ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ብርቱካናማ አበባው ያምራል፤ ቅርንጫፉ ግን ተሰባሪ ነው፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይገነጠላል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በተነገረበት አገር ስለ ተከላ ብዙ ይወራል። ያደገው ዛፍ በማን ጣሪያ ላይ እንደሚያርፍም ሊወራ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ችግኝ ጉድጓድ ውስጥ በሚገባበት ቀን ከአጥሩ አምስት እርምጃ መራቁ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሰው ቤት ያድናል።

አክስቴ የምትኖረው በቀበሌ ቤት ነው። ግድግዳው በአጠና ቋሚና ማገር ቆሞ በጭቃ የተመረገ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ግቢ ካርታ ያለው የግል ይዞታ ነው፤ ግራቪሊያው የበቀለው እዚያ ሲሆን ከቅርንጫፉ ግማሽ የሚሆነው በእኛ ጣሪያ ላይ ተዘርግቷል።

የዛፍ ጉዳት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ግንድ ተገንድሶ ቤት ላይ ሲደፋ ነው። እዚህ ያየሁት ጉዳት ግን ዓመታት የፈጀ ነው። ቅጠሉ በጋ ከክረምት ይረግፋል። በቆርቆሮው ሸንተረር ተኝቶ እርጥበት ይይዛል፤ ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ ይዝጋል፣ የሚስማሩ ቀዳዳ ይሰፋል። የቀረው ቅጠል አሸንዳውን ይሞላዋል። መውረጃ ያጣው ውኃ ወደ ውስጥ ዞሮ በግድግዳው ይወርዳል፤ ምርጊቱ ይላቀቃል፣ ማገሩ ይበሰብሳል። አቡጀዴው ላይ ቡናማ ክብ ይወጣል፣ ክቡም በየክረምቱ ይሰፋል። አክስቴ ከክቡ ሥር ሳፋ ታስቀምጣለች፤ ሳፋው ያለበት ቦታ ቀድሞ አልጋዋ የነበረበት ነው። በሐምሌ አንድ ሌሊት ነፋስና በረዶ ቀላቅሎ ሲመጣ ደግሞ ደረቅ ቅርንጫፍ ወርዶ ሁለት ቆርቆሮ በሳ። እስከዚያ ሌሊት ድረስ ስለ ዛፉ ክፉ ተናግራ አታውቅም።

የሥሩ ጣጣ ሌላ ነው። ሥር ቱቦ ይሰብራል ሲባል እንሰማለን፤ ጤነኛ ቱቦን ግን ብዙ ጊዜ አይነካውም። መጋጠሚያው የሚያንጠባጥብ አሮጌ ቱቦ ሲያገኝ እርጥበቱን ተከትሎ በስንጥቁ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ውስጥ ለውስጥ እየበዛ ይደፍነዋል። ዋልካ አፈር ባለበት ሰፈር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዛፉ በበጋ ውኃውን ሲመጥጥ አፈሩ ይኮማተራል፣ መሠረቱ ይሰጥማል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ትልቁን ዛፍ በአንድ ቀን ቢያስወግዱት ያው አፈር ውኃ ጠግቦ ያብጥና ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ «ይቆረጥ!» ማለት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ የሚያውቅ ሰው አይቶ፣ የቱ ቅርንጫፍ መቼ እንደሚነሣ መወሰን አለበት።

በምኖርበት ቨርጂኒያ ይኸው ጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። እኛ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከምንኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ በሆነው በፌርፋክስ ካውንቲ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። የአንደኛው ዛፍ ሥሩ በመካከላቸው ያለውን የድጋፍ ግንብ ገፋ፣ የጓሮውን ንጣፍ አነሣ፣ የፍሳሽና የውኃ ቱቦውን ደፈነ፤ ቅርንጫፉ ደግሞ የጎረቤቱን ጣሪያና አሸንዳ በቅጠል ሞላ። ተጎጂው ዛፉ ይነሣልኝ ብሎ ከሰሰ። የሥር ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልሰጥም አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ውሳኔ ሻረ፤ ከ1939 ጀምሮ ይሠራበት የነበረውንም መመዘኛ ለውጦ፣ ዛፍ በጎረቤት ንብረት ላይ እውነተኛ ጉዳት ካደረሰ ወይም ሊያደርስ ከተቃረበ ባለቤቱ ሊጠየቅ ይችላል አለ። ማሳቹሴትስ ውስጥ በ1931 የተሰጠው ፍርድ ከዚህ የተለየ ነው፤ የዛፉ ሥር ቱቦህን ቢደፍን፣ መሠረትህን ቢሰነጥቅ መድኃኒቱ ወሰንህ ላይ ቆመህ ራስህ መቁረጥ ነው ይላል። በእንግሊዝ አገር የጌቶች ምክር ቤት በ1894 ወሰን ተሻግሮ የመጣን ቅርንጫፍ ለባለቤቱ ሳያሳውቁም መቁረጥ እንደሚቻል ወሰነ፤ በ1919 ደግሞ ወሰን ከተሻገረ ቅርንጫፍ የተለቀመው ፖም የባለዛፉ እንጂ የለቃሚው አይደለም ተባለ።

እነዚህን ፍርዶች አከብራቸዋለሁ። ወሰንን ያስከብራሉ፣ ደካማውም ሰው ጠበቃ ካገኘ ከጉልበተኛው ጋር እኩል ይቆምባቸዋል። በሁሉም ውስጥ የማየው አንድ ነገር ግን አለ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው እስኪመለስ ዓመታት ያልፋሉ፤ ዝናቡም እስከዚያው ቤት ውስጥ ይገባል።

የእኛም ሕግ ስለ ጉርብትና ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለ መሬት በይዞታው ሲገለገል ጎረቤቱን ማወክም መጉዳትም እንደማይገባው ይደነግጋል። ጭሱ፣ ጥላሸቱ፣ ክፉ ሽታው፣ ጩኸቱ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ያዝዛል፤ የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታም ይታያል ይላል። ቁጥር 2028 ደግሞ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያስገድዳል። አነጋገሩ ግልጽ ነው፤ የአካባቢን ልማድ በሕጉ ውስጥ ማስገባቱንም ወድጄዋለሁ።

ይህ ሕግ ሲጻፍ ግን የከተማ መሬት የግል ነበር። በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለውን አጽንቶ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው ግን የራሱ እንደሆነ ደነገገ። እንግዲህ የግራቪሊያውን ነገር በዚህ ዓይን እንየው። ዛፉ የተከለው ሰው ንብረት ነው፤ የቆመበት መሬት የእሱ አይደለም። የተበሳው ቆርቆሮ የመንግሥት ቤት ቆርቆሮ ነው፤ የረጠበው ፍራሽና የእህል ጆንያ የአክስቴ ነው። ቤቱን ለማደስ ወረዳ ሄዳ ማስፈቀድ አለባት፤ ለእድሳቱ የምታወጣው ገንዘብ ግን ቤቱን የሷ አያደርገውም። ጎረቤት ተብሎ የሚከራከረው ታዲያ ማን ነው? በወረቀት ላይ የቤቱ ባለቤት ሌላ ነው፤ ሌሊት ተነሥቶ ሳፋ የሚደፋው ሌላ ነው። ሰፈር ውስጥ ስዘዋወር ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ የዛፍ ጉዳት የሚብሰው ካርታ በሌለው ሰው ላይ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከተማዋ ቻርተር ለቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች እስከ 5,000 ብር የሚደርስ ክርክር የማየት ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር፤ የዚህ ዓይነት የጎረቤት ነገር በሰፈሩ ውስጥ እንዲያልቅ የታሰበ ጥሩ ሐሳብ ነው። አክስቴ ግን ክስ የሚባለውን ነገር ገና ሳነሣው ወደ ጎን አደረገችው።

«ልጄ፣ ከተካሰስን ሰላምታው ይቀራል» አለችኝ። «እኔ ነገ ጠዋት በዚህ በር ስወጣ ጋሼን አገኛቸዋለሁ። ለቅሶ ቢደርስብኝ ድንኳኑ የሚተከለው እሳቸው ደጅ ነው።»

እሷ የያዘችው መንገድ ይህ ነው። ወደ ጎረቤቱ፣ ወደ ጋሼ፣ ሄዳ ክፈሉኝ አላለችም፣ የወደቀውን ቅርንጫፍም ይዛ አልሄደችም። ጉልበታቸውን ጠየቀች፣ የልጆቻቸውን ደኅንነት ጠየቀች፣ ከዚያ «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ጎራ ብለው ቤቴን ይዩልኝ» አለቻቸው። ሽማግሌው መጡ። ከአቡጀዴው ክብ ሥር ቆመው ቀና አሉ፤ ሳፋውን አዩ፤ አልጋው ወዴት እንደተዛወረ አዩ። ከብዙ ዘመን ጉርብትና በኋላ ያንን ክፍል ከውስጥ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር። ዛፉ ከአጥሩ በዚያ በኩል ለሚያየው ጥላ ነው፤ በዚህ በኩል ምን እንደሆነ ለማወቅ በሩን አልፎ መግባት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያ ቃላቸው ግን መከላከያ ነበር። «ዛፉ እናንተ እዚህ ሳትገቡ የነበረ ነው።»

«እውነት ነው፣ ዛፉ ይቀድማል» አለች አክስቴ። «ዝናቡ የሚገባው ግን እኔ ላይ ነው።»

ከዚያ በኋላ ጋሼ ሥጋታቸውን አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ሥጋታቸውም ተገቢ ነበር። ቆራጭ ገንዘብ ይጠይቃል። ሽቦው ቅርብ ስለሆነ መብራት ሳይጠፋ ማንም አይወጣበትም። ወረዳው ሳያውቅ ትልቅ ዛፍ ቢወድቅ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። በእኛ በኩል ያለው ቅርንጫፍ ብቻ ከተነሣ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ ወደ እሳቸው ቤት ያዘነብላል። ይህን የመጨረሻውን ሲሉ ቤቱ ዝም አለ፤ ማናችንም አላሰብነውም ነበር። በፍርድ ቤት ክርክር ውስጥ ቢሆን ይህ የሚነገረው በጠበቃ አፍ፣ እንደ መከራከሪያ ነው። እዚህ የተነገረው ቡና እየተጠጣ ስለሆነ ሁሉም የጋራ ችግር አድርጎ ያዘው።

እሑድ ሦስት ሰዎች ተጠሩ። የዕድሩ ዳኛ፣ በሰፈሩ ከሁሉ ቀድመው የገቡ አንዲት እማማ፣ ሦስተኛው ደግሞ አጠና ተራ እንጨት ሲነግዱ የኖሩ ሐጂ። የሐጂ መጠራት በኋላ ነው የገባኝ። ሁለቱ ስለ ሰው ያውቃሉ፤ ሐጂ ስለ እንጨት ያውቃሉ። ግንዱን በዱላቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን ሰሙ፣ ዙሪያውን ዞሩ፣ የትኛው ቅርንጫፍ ሞቶ እንደቆመ በጣታቸው አሳዩ። የጎረቤት ልጅ አናቱ ይቆረጥ ሲል ሐጂ አልተቀበሉትም። አናቱ የተቆረጠ ዛፍ ከቁስሉ ዳር ብዙ ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያው ቶሎ ይረዝማል፣ ከግንዱ ጋር ያለው መያያዣ ግን ደካማ ነው፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ከድሮው የባሰ የሚወርደው እሱ ነው አሉ። ይህን በቨርጂኒያም የዛፍ ባለሙያዎች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሐጂ የተማሩት ግን ከሥራቸው ነው።

የዕድሩ ዳኛ ነገሩን በወጉ ለመጀመር «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» ብለው ዛፉ መቼ እንደተተከለ፣ አጥሩ መቼ እንደተሠራ፣ ቀድሞ ማን ምን እንዳለ ሊጠይቁ ሲሉ እማማ አቋረጧቸው።

«ሥሩ ይቆየን» አሉ። «ዛሬም ሊዘንብ ነው። ጣሪያው ይቅደም።»

የሽምግልናው ቅደም ተከተል የወጣው ከዚያች ንግግር ነው። በመጀመሪያ ውኃው ይቁም፦ የተበሱት ሁለት ቆርቆሮዎች በሳምንቱ ውስጥ ይቀየሩ፣ የቆርቆሮውን ዋጋ ጋሼ ይስጡ፣ የሠራተኛውን አክስቴ ትክፈል፣ አሸንዳው ይጠረግ። ለእድሳቱ ወረዳ የሚጠይቀውን ማመልከቻ የዕድሩ ዳኛ ራሳቸው ይዘው ይሂዱ። ከዚያ የሞቱት ቅርንጫፎች ይነሡ፤ ቁመቱ የማያሠጋው በመሰላል ወዲያው፣ ከሽቦው አጠገብ ያለው ደግሞ መብራት ሲቋረጥ። ዋናው ማሳጠር ጥቅምት ይሁን፤ በክረምት ግንዱ ስለሚያንሸራትት ሰው አይውጣበት፣ ሲቆረጥም ከሁለቱም በኩል ሚዛኑ ተጠብቆ ይሁን። ፍልጡ ለዕድሩ፣ ጭራሮው ለአክስቴ። የሥሩን ነገር በጋ ሲመጣ ቱቦው ተቆፍሮ ታይቶ ይወሰን። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሰዎቹ ሊነሡ ሲሉ፣ ጋሼ «ሳላይ ቀርቼ ነው፣ ይቅርታ» አሉ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ፍርዶች ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው የጥፋት ጥያቄ እዚህ መጨረሻ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው መጣ።

ሽምግልናውን ያለ መጠን ማሞገስ አልፈልግም፤ ማንን እንደማያይም በዓይኔ አይቻለሁና። በጋሼ ግቢ ውስጥ፣ በግራቪሊያው ሥር፣ ሰርቪስ ቤት የተከራየች አንዲት ወጣት አለች። በሆስፒታሉ አካባቢ ካፌ ውስጥ ትሠራለች፤ ከክፍለ ሀገር ከመጣች ብዙ አልቆየችም። በዚያ የበረዶ ሌሊት በሷም ጣሪያ ውኃ ገብቷል፤ ፍራሿ ረጥቧል፣ ልብሷ ተበላሽቷል። በሽምግልናው ላይ ስሟ አልተነሣም። የዕድር አባል አይደለችም፤ ባለ ዛፉ አከራይዋ ነው፤ ብታማርር ውጪ ልትባል ትችላለች። ለአንዱ ሽማግሌ ይህን ሳነሣላቸው «እሷ እኮ ተከራይ ናት፣ ነገ ትወጣለች» አሉኝ፤ ክፋት አልነበረበትም፤ ለሳቸው ግልጽ የሆነ ነገር ነበር። ለእኔ ግን ትክክል አይደለም። ውኃው ባለ ካርታውን፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪውንና ተከራይዋን ለይቶ አልገባም። ዕድሩ የሚያውቀውን ሰው ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱም ወረቀት ያለውን ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ይህች ልጅ ወዴት ትሂድ?

ጥያቄው ወደ ፊት እየከበደ ይመጣል። ሽምግልናው የሚሠራው ሰዎቹ ለዓመታት አብረው ስለ ቀበሩና አብረው ስለ ዳሩ ነው። ከተማዋ ደግሞ እየተቀያየረች ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲነሣ አንድ ዕድር የነበሩ ሰዎች ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሄደዋል፤ አዲስ በገቡበት ሰፈር ያለው ጎረቤት ለጊዜው እንግዳ ነው። ከማያውቁት ሰው ጋር በዛፍ ምክንያት ሲጋጩ «ጎራ ብለው ቤቴን ይዩልኝ» ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል። እኔ በአሌክሳንድሪያ የምኖርበትን ሰፈር ሳስበው ከግራና ከቀኝ ያሉትን ሰዎች በመኪናቸው ቀለም ነው የማውቃቸው፤ እዚያ ሕግ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። አዲስ አበባም ወደዚያው እየሄደች ከሆነ ሕጓ ተከራይንና የቀበሌ ቤት ነዋሪን በስማቸው የሚያይ መሆን አለበት።

የተስማሙበት ነገር በወረቀት ይስፈር ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያ ቅር አላቸው፤ ቃላችን አይበቃም ወይ የሚል ነገር ነበረበት። ለጥቅምት ገና ወራት እንደሚቀሩ፣ ሰውም እንደሚታመም፣ እንደሚሄድ፣ እንደሚረሳ ስነግራቸው እማማ ደገፉኝ። የዕድሩ ጸሐፊ በደብተር ወረቀት ጻፈው፤ የዛፉንና የጣሪያውን ፎቶ በስልኬ አንሥቼ ለሁለቱም ቤት ሰጠሁ። ጽሑፉ ተነቦ ሊፈረም ሲል አክስቴ «አንድ ቀርቷል» አለች፤ የልጅቱን ክፍል አነሣች። ጋሼ ፊታቸው ትንሽ ጠቆረ። ቤቱም ልጅቱም የራሴ ጉዳይ ናቸው አሉ። አክስቴ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ «ዛፉ አንድ ነው ጋሼ፣ ቅርንጫፉም አንድ ሌሊት ነው የወረደው» አለቻቸው። ከብዙ ዝምታ በኋላ ጸሐፊው አንድ መስመር ጨመረ፦ የሰርቪሱ ጣሪያ ከዚህኛው ጋር አብሮ ይታይ፣ የረጠበው ፍራሽም ይታሰብ።

የእኛ ሁለት ቆርቆሮዎች ተቀይረዋል፤ የሞቱት ዝቅተኛ ቅርንጫፎችም ወርደዋል። ከሽቦው ጎን ላለው ቅርንጫፍ መብራት እስኪቋረጥ እየተጠበቀ ነው። የሰርቪሱን ጣሪያ ጋሼ በላስቲክ አሸፍነውታል፤ ቆርቆሮው ጥቅምት አብሮ ይቀየራል ብለዋል። የፍራሹ ግን ገና ነው። አክስቴ በየእሑዱ ትጠይቅላታለች፤ ጋሼም ገና አልሰጡም፣ አልሰጥም ብለውም አያውቁም።